ድህነቴን ሳይሆን ማዘዣውን ነው የምፈራው

«በትንሽ ገቢ ደስ ብሎት መኖር ይቻላል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ቤቱ ውስጥ የታመመ አለ?» የታመመ ከሌለ ይቻላል። የቤት ኪራዩ ከተከፈለ፣ ሽሮና በርበሬው ካላለቀ፣ ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ካላጡ፣ አመሻሹ ላይ የአዳማ ሙቀት በረድ ሲል በረንዳ ላይ ቡና አስፈልቶ ከጎረቤት ጋር መጨዋወት ማንንም ያስደስታል። የታመመ ካለ ግን ትናንት የበቃው ገንዘብ ዛሬ አይበቃም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ሰፊ ስል ሙሉ ልብስ የሚያሰፋልኝ ሰው አለ ማለቴ አይደለም። ሰልባጅ ገበያውን ከያዘው ወዲህ ሥራዬ በአብዛኛው ሱሪ ማሳጠር፣ ቀሚስ ማጥበብና ዚፕ መቀየር ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ይበዛል፤ ያኔ ትንሽ እንተነፍሳለን። ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች። ስኳር አለብኝ፤ ግፊቱም ብዙ ሳይቆይ ተከትሎ መጣ። የወንጂ የሸንኮራ ማሳ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ሸንኮራ በየመንገዱ እየተላጠ ይሸጣል። እኔ ሻይ ያለ ስኳር ሳዝዝ የሠፈሩ ጎረምሶች «ጋሼ፣ ወንጂን አከሰሩት እኮ!» ይሉኛል።

ይህን የማወራው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ደህና ነው የምኖረው፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነው የምኖረው። እንዲህ ስል ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥመኛል። አንዱ «ችግሩን እየሸፋፈንክ ነው» ብሎ ይቆጣል። ሌላው ደግሞ «አያችሁ፣ ድሃ ተመስገን ካለ ይበቃዋል» ብሎ የስብከቱ ምሳሌ ያደርገኛል። ከሁለቱ የባሰ የሚያናድደኝ ሁለተኛው ነው። ተመስገን እላለሁ፣ ጠዋትም ማታም እላለሁ። በተመስገን ግን ኢንሱሊን አይገዛም። እኔ ተረጋግቼ የምተኛው ከሌላው ሰው የተለየ ትዕግሥት ተሰጥቶኝ ሳይሆን፣ ብታመም ምን ያህል እንደምከፍል ከሞላ ጎደል አስቀድሜ ስለማውቅ ነው። ለድሃ ሰው ትንሽ ገቢ አያስፈራም፤ ለምዶታል፣ አብቃቅቶ ይኖርበታል። የሚያስፈራው ልኩ የማይታወቅ ወጪ ነው።

ከግቢያችን ፊት ለፊት አንድ ጋሪ ነጂ ይኖር ነበር። አዳማ በጋሪዋ በምትታወቅበት ዘመን ጥሩ ሠርቶ ያውቃል፤ ባጃጅ ከተማውን ካጥለቀለቀው በኋላ ግን ዕቃ ማመላለስ ብቻ ቀረለት። እሱም ቢሆን ቤቱን አላስራበም። ሚስቱ ታማ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ሲባል ፈረሱን ከነጋሪው ሸጠ። አሳከማት፣ ዳነችም። እሷ ድና ወደ ቤቷ ስትገባ እሱ የሚነዳው ነገር አልነበረውም፤ መናኸሪያ ወርዶ ጫኝና አውራጅ ሆነ። ልብ በሉ፤ ቤቱ የፈረሰው ከሕመሙ በኋላ፣ ሁሉም «እንኳን ማረሽ» ብሎ ከሄደ በኋላ ነው። የድሃ ቤት የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ እንጀራ የሚበላበትን መሣሪያ ለመድኃኒት ሸጦ። በአገራችን ለጤና ከሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ሲሶ ያህሉ በቀጥታ ከሕመምተኛው ኪስ እንደሚወጣ የብሔራዊ የጤና ወጪ ጥናቶች ያሳያሉ። ይህ ሲሶ በወረቀት ላይ ቁጥር ነው፤ በእኛ ሠፈር ግን ፈረስ ነው፣ የጥጃ እናት ነው፣ የልጅ የጆሮ ወርቅ ነው። እኔ ቤት ቢመጣ የስፌት መኪናዬ ትሆን ነበር።

መኪናዬ ያልተሸጠችው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምክንያት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በተመረጡ ጥቂት ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከኦሮሚያዎቹ አንዱ የእኛው የምሥራቅ ሸዋ ወረዳ ጊምቢቹ ነበር። በዚያን ጊዜ በኦሮሚያ አንድ ቤተሰብ በዓመት የሚከፍለው 180 ብር ነበር፤ ዛሬ መዋጮው ብዙ እጥፍ አድጓል። አሠራሩን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር፦ ደመወዝተኛ ያልሆነ ሰው፣ ገበሬውም ነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለቤተሰቡ ይከፍላል፤ ፎቶ ያለበት ደብተር ይሰጠዋል። ሲታመም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ይገባል። ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለአልጋ፣ ለመድኃኒት እጁን ኪሱ አይከትም። ቢያንስ ደንቡ እንዲህ ይላል።

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ሆድ ሕመም ይዟት ሌሊት ሆስፒታል ስትገባ፣ ከእኛ ጎን የተኛችው ሴት ባል ለእያንዳንዱ ነገር እየወጣ ይገዛ ነበር። ጓንት፣ ግሉኮስ፣ መርፌ፣ ክር። እየተመለሰ ሲቀመጥ ሚስቱን አያይም፤ ስልኩን ነው የሚያየው፣ ቀጥሎ ማንን ብር እንደሚጠይቅ እያሰበ። እኔ ደግሞ ደብተሬን ሰጥቼ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጇን ያዝኩ። የሁለታችን ገቢ የሚበላለጥ አይመስለኝም። እሱ የሕመም ሌሊቱን ብር ሲለምን አደረ፤ እኔ ባል ሆኜ አደርኩ። ድሃ ደስተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ለእኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው ያለቀው።

ይህን ያልኩት መድኑን ላሞካሽ አይደለም፤ ቅሬታዬ ብዙ ነው፣ ደግሞም ከፍዬ ነው የማማርረው። ትልቁ ቅሬታ በመድኃኒት ክፍሏ ትንሽ መስኮት በኩል ነው የሚመጣው። ወረፋ ይዘህ፣ ሐኪም አይቶህ፣ ማዘዣ አስጽፈህ ትደርሳለህ። ልጅቷ ማዘዣውን ታነባለች፣ ወደ መደርደሪያው እንኳን ዞር አትልም፤ መኖሩንና አለመኖሩን በቃሏ ታውቀዋለች። «ሜትፎርሚን አለ። ኢንሱሊኑ የለም። የግፊቱ አምሎዲፒንም የለም፣ ከውጭ ግዛ።» የሚያስቀው፣ ያለው ብዙ ጊዜ ርካሹ ነው፤ የሌለው ውዱ ነው። ከዚያ ከግቢው ወጥተህ መንገዱን ስትሻገር የግል ፋርማሲዎች ተደርድረው ይጠብቁሃል፤ እዚያ ሁሉም አለ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ዋጋ ሲጠሩልህ የሰማኸውን ደግመህ ትጠይቃለህ። መዋጮውን በዓመቱ መጀመሪያ የከፈለ ሰው መድኃኒቱን እንደገና ከኪሱ ሲገዛ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን አላድስም ቢል እንዴት ይፈረድበታል? የጤና መድን ኃላፊዎች ሰው ስለመድን ጥቅም «ግንዛቤ ይጎድለዋል» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ የማውቃቸው ያቋረጡ ሰዎች ግንዛቤ አልጎደላቸውም፤ የጎደለው መድኃኒቱ ነው።

ያም ሆኖ የታመመ ሰው ብልሃት አያጣም። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ እኛ ፍሪጅ የለንም። ያልተከፈተችውን ጠርሙስ አከራያችን ከፍሪጃቸው በር ላይ፣ ከእንቁላሉ አጠገብ ቦታ ሰጥተዋታል። የተከፈተችው ግን የእኔ ናት። ነርሷ እንዳሳየችኝ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ አድርጌ ውኃ አጠጣዋለሁ፤ አሸዋው መሃል ትንሽ ማሰሮ ትቀመጣለች፤ ጠርሙሷ በላስቲክ ተጠቅልላ እዚያ ውስጥ ትገባለች፤ ከላይ እርጥብ ጨርቅ። በጥላ በኩል ነፋስ የሚያገኘው ጥግ ላይ ካስቀመጥኩት፣ በሚያዝያ ሙቀት እንኳን እጄን ስከተው ቀዝቀዝ ይለኛል። ማታ ማታ ደግሞ ባለቤቴ የእግሬን ጣቶች እየለያየች በባትሪ ታያቸዋለች። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ቀኑን ሙሉ ፔዳል የሚረግጥ ሰው ጫማው ቢልጠው ላያውቀው ይችላል። ትንሽ ቁስል ሳይታይ ሰንብታ እግር ያስቆረጠችበትን ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ምርመራ ሳንቲም አያስወጣም። ሽፈራውም እጠጣለሁ፣ ጸበልም እጠመቃለሁ፤ ሶደሬ ፍልውኃ ቢወስዱኝም እምቢ አልልም። ክኒኔን ግን ለአንዳቸውም ብዬ አላቆምም። «ሽፈራው ጀምሬ መድኃኒቱን ተውኩት» የሚል ሰው ስሰማ መርፌዬን አስቀምጬ እከራከረዋለሁ፤ ደንበኛ ቢቀርብኝም ይቅር።

ሌላው ቅሬታዬ ከሽፋኑ ውጭ የተደረጉት ነገሮች ናቸው። መድኑ ሲጀመር አይሸፈኑም ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የኩላሊት እጥበት ይገኙበታል። መነጽር ለልብስ ሰፊ ጌጥ ነው ወይ? እኔ መርፌ ላይ ክር የማስገባው ከመንገድ ላይ ከአዟሪ በገዛኋት መነጽር ነው፤ ልኬት የለ፣ ምርመራ የለ፣ አድርገህ ታያለህ፣ ከታየህ ትገዛለህ። የጥርሱ ነገር ደግሞ ለስምጥ ሸለቆ ሰው የተለየ ነው። ከመተሐራ እስከ ሻሸመኔ ባለው አካባቢ የከርሰ ምድሩ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል፤ በእኛ አካባቢ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ አለ። በልጅነቱ ከዚያ የጠጣ ሰው ጥርሱ ቡናማ ይሆናል፣ ይሸረፋል፤ ለረጅም ዓመታት የጠጣ ደግሞ አጥንቱ ይደርቃል፣ ወገቡ አልታጠፍ ይላል። እኔ መቂ አካባቢ ስላደግሁ አፌን ስከፍት የትውልድ ቦታዬ ይታወቃል። አዳማ ዛሬ የምትጠጣው ከአዋሽ የተጣራ ውኃ ነው፤ ገጠሩ ግን ገና ጉድጓዱን ይጠጣል። አንድ ሐረግ ከአዲስ አበባ ተጽፎ «ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈንም» ሲል፣ እዚያ ለመዋቢያ ታስቦ ይሆናል። እዚህ ግን ሰው በጠጣው ውኃ ምክንያት የወለቀ ጥርስ ነው። ሽፋኑ የአካባቢውን ሕመም ማየት አለበት።

የኩላሊቱ ይከብዳል። የሕመምተኛው ፎቶ የተለጠፈበት መኪና በማይክ እየለመነ በከተማችን ሲያልፍ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፣ የቻለውን ይሰጣል። እጥበቱ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ዕድሜ ልክ ነው። የእኛን መዋጮ ብቻ ይዞ ያን ሁሉ መሸከም እንደማይቻል ይገባኛል፤ ዛሬ ይሸፈን ብል ነገ ለሌላው ሕመምተኛ የሚውለው ሣጥን ባዶ ይሆናል። ግን የሰው ሕይወት በማይክ ልመና ላይ መንጠልጠሉን እንደ ልማድ መቀበልም አልችልም። ይህ ከመንግሥት በጀት በቀጥታ መውጣት ያለበት ወጪ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ ለክትባት፣ ለወሊድ እንደማንከፍለው ሁሉ።

አሁን ወደ እድር ልምጣ፤ ዋናው ሐሳቤ እዚያ ነውና። በመድኑ ሕግ መክፈል የማይችሉ የድሃ ድሃ የተባሉ ቤተሰቦች በቀበሌ ተመርጠው መዋጮአቸውን መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ጥሩ ነው። የሚያስቸግረው ከእነሱ ከፍ ብሎ ያለው ሰው ነው፦ ጉልት የምትቸረችረው፣ ጀበና ቡና የምታፈላው፣ ሊስትሮው፣ ጥበቃው። የድሃ ድሃ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ዓመታዊውን መዋጮም አንድ ላይ ማውጣት አይችልም። በየወሩ ቢሆን ይከፍል ነበር፤ አንድ ላይ ሲባል ግን ከእጁ ላይ የለም። ይህ ሰው ለእድር ግን አንድም ወር አይቀርም። ለምን? እድር በየወሩ ነዋ፤ ካልከፈለም የሚያፍርበት ጎረቤት አለ።

በእኛ እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይህን አነሣሁ። ለቀብር ከምንሰበስበው ላይ ለቸገራቸው አባላት የመድኑን መዋጮ እናበድር፤ እነሱ በየወሩ ከእድሩ ክፍያ ጋር ይመልሱ አልኩ። የእድሩ ዳኛ ደንቡን አውጥተው አነበቡ። «መተዳደሪያችን ለለቅሶና ለቀብር ይላል፣ ለሕክምና አይልም» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አይልም። ገንዘብ ያዡም የብድሩ ነገር አላማረውም፤ ያበደርነው ካልተመለሰ ድንኳን በምን እንከራያለን አለ። ክርክሩ ሞቀ። በመጨረሻ ከጥግ አንዲት እናት፣ እኛ አዴ የምንላቸው፣ ተነሡ፤ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ተናገሩ። «እኔ ስሞት ድንኳን ትተክላላችሁ፣ ንፍሮ ትቀቅላላችሁ፣ ሦስት ቀን ትቀመጣላችሁ። ሞቼ አላየውም! ያን ብር ዛሬ ስጡኝ፤ ልታከም። ንፍሮው ይቅርብኝ።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዳኛውም ሳቁ። ደንቡ ያን ዕለት አልተቀየረም። ከመጠባበቂያው ላይ ትንሽ ገንዘብ ተለይቶ ለብድር ይዋል የሚለው ግን በድምፅ አለፈ። እስካሁን የተበደሩት በየወሩ እየመለሱ ነው፤ ከሁሉም ቀድመው የጨረሱት እኚያው አዴ ናቸው።

ሌላም የሚቆጨኝ ነገር አለ፤ የልጄ ጉዳይ። ፋብሪካ ተቀጥራ በደመወዝ ስለምትሠራ በእኛ ደብተር ላይ የለችም። ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ትግበራው ዛሬ ነገ እየተባለ ስንት ጊዜ ተራዘመ! ሠራተኛውም ከደመወዙ እንዳይቆረጥ አጉረምርሟል፤ አልፈርድበትም፣ ያችው ደመወዝ ኑሮ አልበቃችውም። ውጤቱ ግን ግራ ነው። ሱሪ የሚያሳጥረው አባት መድን አለው፤ ባጅ አንጠልጥላ በሰርቪስ የምትሄደው ልጅ ጥርሷን ሲያማት አባቷን ብር ታበድረኛለህ ወይ ትላለች።

«ታዲያ ደስታው የቱ ላይ ነው?» የሚል አይጠፋም። አለ፤ በየቦታው አለ። ቲማቲም መቂ ላይ ሲበዛ አዳማ ላይ ይረክሳል፤ ያን ሳምንት ቤታችን ስልስ በስልስ ይሆናል። ጾም ሲፈታ ከባቱ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ገዝተን እንጠብሳለን። ዕቁቤ ሲደርሰኝ ለባለቤቴ ነጠላ ገዛሁላት፤ ዕቁቡ ለሐኪም ቤት ዕዳ ስላልተፈለገ ነው ነጠላ የሆነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ደስታችን የተሠራው በትናንሽ ነገሮች ነው፤ እነዚያ ትናንሽ ነገሮች ደግሞ የሚተርፉት ትልቁ ወጪ በዓመት አንዴ ተከፍሎ ከመንገድ ሲነሣ ነው። «ድሃ ብሆንም ደስተኛ ነኝ» የሚል ሰው ብታገኙ ባህሪውን ከማድነቃችሁ በፊት ደብተሩን ማደሱን ጠይቁት።

ስለዚህ የእድር ዳኞች፣ ደንባችሁን አውጡና አንብቡት፤ ለሕክምና አይልም ከሆነ እንዲል አድርጉት። የጤና ጣቢያና የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ከመዋጮአችን መድኃኒት ቀድማችሁ ግዙ፤ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። እናንተ አንባቢዎች ደግሞ የእድሳቱ ጊዜ ሲታወጅ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሂዱና ክፈሉ። ከዚያም በመስኮቷ በኩል «የለም» ስትባሉ ዝም ብላችሁ መንገዱን አትሻገሩ። ለምን እንደሌለና መቼ እንደሚመጣ ጠይቁ፤ ከውጭ የገዛችሁበትን ደረሰኝ አስቀምጡና ገንዘቡ ይመለስልኝ ብላችሁ አመልክቱ።